ምራቂውን ጨምሮ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ እንኳ የለውም፤ ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ የተሰጠው ድምፅ ነው። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ተናገረ።

«ደህና አደሩ ጋሽ ናሆም። ቁመትዎ አንድ ሜትር ከስልሳ ሰባት። ሲደመር ሲቀነስ፣ አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት።»

ጋሽ ናሆም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ካልሲ ይፈልጉ ነበር። አንዱን አግኝተዋል፤ ሌላኛው የት እንደገባ አልታወቀም። በልባቸው ደመሩ፣ ቀነሱ። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያላጠሩ፣ ከሦስት ሜትር ከሃያ ሁለት ያልረዘሙ ሰው ናቸው። ቢያንሱ የሻይ ብርጭቆ ያህላሉ፣ ቢበዙ ጣሪያውን በስተው ይወጣሉ።

«ስፋትዎ ቁመትዎን ሊያክል አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል» አለ ግድግዳው። «መልካም ቀን።»

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባችሁ፣ ልጆቼ፣ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን፣ በሁለት ሺህ ዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ቁጥር ብቻውን አይነገርም ነበር። ዳቦው ሁለት መቶ ግራም ነው አይባልም፤ ሁለት መቶ፣ ሲደመር ሲቀነስ ሦስት ይባላል። ልጅ እናቱን ስንት ሰዓት ትመጫለሽ ሲላት፣ አሥራ አንድ፣ ሲደመር ሲቀነስ ሩብ ትለዋለች። ይህ በራሱ ደግ ነገር ነበር። ሰው የሚያውቀውን ያህል አውቃለሁ፣ የማያውቀውን ያህል አላውቅም ማለት ለመደ። ክፋቱ የመጣው ሰው ራሱ መለካት ሲጀምር ነው።

ሰው በየጠዋቱ በቤቱ ግድግዳ ይለካል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለምና፣ ግድግዳው ለራሱ ምስክር መሆን አይችልም፤ ሌላ ለኪ ያንኑ ሰው ለክቶ እውነት ነው ማለት አለበት። ሁለተኛ ለኪ ሳያየው ያደረ ሰው፣ የቁጥሩ ስፋት፣ ያ ሲደመር ሲቀነስ የሚባለው፣ በቀን አንድ ሴንቲ ይጨምራል። ስፋቱ ቁመቱን ያከለ ቀን ግድግዳው ሁለት ቃል ብቻ ይላል፦ «ከዜሮ አይለይም።» ከዜሮ ለማይለይ ሰው አሳንሰር አይቆምም፣ የሱቅ በር አይከፈትም። ሁለት ትሑት ሰዎች ይመጡና ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ማረጋገጫ ቤት ይወስዱታል። ማረጋገጫ ቤት ክፉ ቦታ አይደለም ይባላል። ምግቡ ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ የተመለሰ ሰው ግን ጋሽ ናሆም አላዩም።

ደብረ ብርሃን፣ ሃያ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። በአንድ ኮሪደር አራት በር አለ። ድሮ ጠዋት ጠዋት አራት ግድግዳ ሲናገር፣ የአራት ሰው ቁጥር በብርዱ ውስጥ እየተንሳፈፈ ይሰማ ነበር። ባለፈው ሳምንት አራተኛው በር ዝም አለ። የሰውየውን ስም ጋሽ ናሆም አያውቁትም። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አንድ እንደነበር ግን ያውቃሉ፤ ለስድስት ዓመት በየቀኑ ሰምተውታል።

ወጣቶች ሁለተኛውን ለኪ በእጃቸው አንጓ ላይ ይዘውት ይዞራሉ። ሰው ሰባ ዓመት ሲሞላው ይወስዱበታል፤ የሽማግሌ እጅ ይንቀጠቀጣል ብለው። ጋሽ ናሆም ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ሶልያና ካረፈች ወዲህ፣ ልጃቸው ኤፍራታ በየአራት ወሩ እየመጣች ትለካቸው ነበር። እንደመጣች ታቅፋቸዋለች፤ በዚያው ግድግዳው «ሲደመር ሲቀነስ አንድ» ብሎ ቁጭ ይላል። ዘንድሮ ግን ከጎዴ በታች ባለው የፀሐይ ማሳ ተመድባ ቀርታለች።

«ምትክ እስኪመጣ አትወጪም አሉኝ አባዬ» አለች በግድግዳው። ፊቷ በአቧራ ነጥቷል። «ሠላሳ ቀን፣ ሲደመር ሲቀነስ አሥር። ጎረቤት የለህም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

«በር አለኝ ማለቴ ነው።»

ከግድግዳ የሚመጣ ድምፅ ለኪ አይሆንም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

ጎረቤትማ ይሸሻል። ስፋት ይጋባል የሚል ወሬ በከተማው ተነዝቷል፤ ሰፊ ሰው የለካ ራሱ ይሰፋል ይላሉ። አሳንሰር ውስጥ ጋሽ ናሆም ሲገቡ በሁለተኛው በር የሚኖሩት ወጣት ባልና ሚስት ከጥግ ይለጠፋሉ፣ አንጓቸውን በእጅጌያቸው ይሸፍናሉ። ጋሽ ናሆም ይህ ውሸት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አርባ ዓመት ሚዛን ፈታሽ ነበሩ። የቆዳ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ የነሐስ ክብደቶችና አንድ ሜትር የብረት ማስመሪያ ይዘው፣ ከገበያ ገበያ ሲዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለት ነገር ስትደምር ስፋቱ ይጨምራል፤ አንድን ነገር ሁለት ሰው ሲለካው ግን ስፋቱ ይጠብባል። ይህን አሳንሰር ውስጥ ለማስረዳት ሞክረው ያውቃሉ። ባልና ሚስቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወርደው በእግራቸው ሄዱ።

ካልሲውን ተዉትና የቆዳ ቦርሳውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ። ከዚያ ወደ ልኬት ቢሮ ወረዱ።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ልጅ ትርንጎ ትባላለች። በዚያ ዘመን ወጣቶቹ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መልሰው አንስተውት ነበር።

«አባባ፣ በግድግዳዎ ማመልከት ይችሉ ነበር እኮ።»

«ግድግዳው አያምነኝም ልጄ። አንቀጽ ሠላሳ አንድን አውጪልኝ።»

ትርንጎ ፈለገች፤ ብዙ ፈለገች። አግኝታ ስታነበው ቅንድቧ ከፍ አለ። «‹በእጅ የተለካ ልኬት፣ መለኪያው በባለ ፈቃድ ፈታሽ ተፈትሾ ስፋቱ ከታወቀ፣ ልኬት ነው።› ይሄ እስካሁን አልተሻረም?»

«የጻፍነው ሦስት ነበርን። ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱን ረሱት።»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን መለሰችው። «ለኪው ሌላ ሰው መሆን አለበት ይላል። አሥር ጊዜ ይለካል። ከግድግዳዎ ጋር ያለው ልዩነት ከሁለት ሴንቲ መብለጥ የለበትም። ፈታሽስ ከየት ያመጣሉ?»

ጋሽ ናሆም ጥግ ጥጉ የተበላ ካርድ አወጡ። «ዕድሜ ልክ ይላል።»

«‹ባለቤቱ ከዜሮ እስካልተስተካከለ ድረስ› ይላል እዚህ፣ በትንሹ» አለች በጣቷ እያሳየች። ቀስ ብላ ደግሞ «የሚለካዎት ሰውስ አለዎት አባባ?»

ጋሽ ናሆም ካርዱን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

አንድ ሰው ነበረ። ከበራቸው ትይዩ፣ ሦስተኛው በር ውስጥ፣ እትዬ ሄራን የሚባሉ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ይኖራሉ። እንደ ጥንቱ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ፣ በክንድ ለክተው ጋቢና ሸማ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። በዚህ ከተማ በገዛ አካሉ መለካት የሚችል ሌላ ሰው ጋሽ ናሆም አያውቁም። ችግሩ፣ ያንን ክንድ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ያገዱት ራሳቸው መሆናቸው ነው።

ያኔ ጠባሴ ገበያ ላይ ነበር። እትዬ ሄራን አሥር ክንድ ሸማ ሸጠው ገዢው ሳይርቅ ጋሽ ናሆም ጨርቁን አስጥለው በብረታቸው ለኩት። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ተርፎ ተገኘ። «ከልክ በላይ» ብለው ጻፉና ሱቁን ለአንድ ወር አሸጉት። «ሰረቅኩ ወይ? ጨመርኩ እንጂ!» ብለው እትዬ ሄራን ሲጮሁ፣ የያኔው ጎልማሳ ፈታሽ ኮስተር ብሎ «ትርፍም ጉድለትም ያው ስህተት ነው» አላቸው። በዚያች አባባል ብዙ ቀን ኮርቶባታል። ገበያተኛው ሳቀ። እትዬ ሄራን ሱቃቸውን መልሰው አልከፈቱም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዕጣ ሁለቱን በአንድ ኮሪደር ጣላቸው። ሶልያና በሕይወት ሳለች ሰላምታው በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። ከዚያ ወዲያ በር ለበር ናቸው እንጂ አይነጋገሩም።

ጋሽ ናሆም ሦስት ጠዋት ሙሉ ከበሩ ፊት ቆመው ተመለሱ። በሦስተኛው ጠዋት ከውስጥ የእትዬ ሄራን ግድግዳ ሲናገር ሰሙ። «አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት። ሲደመር ሲቀነስ፣ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት።» የእሳቸው ዘጠኝ ቀን፣ የእትዬ ሄራን አሥራ ሁለት። አንኳኩ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ሄራን ከዘራቸውን ተደግፈው ከእግር እስከ ራስ ተመለከቷቸው። «ምን ጎድሎ ነው፣ ምን ተርፎ?»

«እንደምን አደሩ እትዬ ሄራን።»

«ሲደመር ሲቀነስ ደህና።»

«ላስቸግርዎት ነበር።»

«ድሮ አስቸግረኸኝ የጨረስክ መስሎኝ።»

ጋሽ ናሆም አንገታቸውን ደፍተው ስለ አንቀጹ፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ክንዱ ነገሯቸው። እትዬ ሄራን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንስተው እንደ እንግዳ ዕቃ ተመለከቱት።

«ይቺ ክንድ ናት? ከልክ በላይ ያልካት?»

«እሷው ናት።»

«አይ የዘመን ቀልድ!» አሉና በሩን ዘጉት።

በማግስቱ ግን የጋሽ ናሆም በር በከዘራ ተደበደበ። እትዬ ሄራን ናቸው፤ ሰላምታ አላስቀደሙም።

«ና ፈትሸኝ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ያ አራተኛው በር የነበረ ሰውዬ ያፏጭ ነበር። ትሰማው ነበር?»

«ቁጥሩን ነው የምሰማው።»

«ምሳ ሰዓት ላይ ያፏጭ ነበር፣ ሳህን ሲያጥብ። አሁን አያፏጭም። ከዚህ እስከዚያ ስንት ነው? ሁለታችንም ሄደን አናውቅም።» እየመሩ ወደ ራሳቸው ክፍል አስገቧቸውና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንካ ክንዴን።»

ጋሽ ናሆም የብረት ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ክርናቸውን ከዜሮው ላይ አደረጉላቸው፤ ጣታቸውን አቃኑላቸው። አሥር ጊዜ። ከአምስት ወር ወዲህ የሰው እጅ ሲይዙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። የእትዬ ሄራን ቆዳ እንደ ቆየ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ውስጡ ግን ይሞቃል።

«ብረትህ ይቀዘቅዛል» አሉ እትዬ ሄራን።

«አርባ አራት ሴንቲ። የጣትዎ ወርድ ደግሞ ሁለት ሴንቲ» አሉ ጋሽ ናሆም።

ቀጥሎ የሚለኩት ጋሽ ናሆም ናቸው። እትዬ ሄራን አጭር ስለሆኑ፣ ጋሽ ናሆም ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ፤ እትዬ ሄራን ከተረከዛቸው ጀምረው በጉልበታቸው እየዳሁ በክንድ ወጡ።

«ዓይንህን አትጨፍን፣ ደስ አይልም» አሉ ወገባቸው ላይ ሲደርሱ። አናታቸው ላይ ሲደርሱ «ሦስት ክንድ ከአሥራ ሦስት ጣት» አሉ።

ደገሙት። ሦስት ክንድ ከአሥራ ሦስት ጣት። አሥር ጊዜ ለኩ፤ አሥሩንም ጊዜ አንዲት ጣት ዝንፍ አላለችም። ጋሽ ናሆም በዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ የረጋ እጅ አላዩም። ተነሥተው፣ አቧራቸውን አራግፈው፣ በደስታ ማባዛት ጀመሩ። ሦስት ጊዜ አርባ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት፤ ሃያ ስድስት ሲጨመርበት መቶ ሃምሳ ስምንት።

እርሳሳቸው ቆመ። ግድግዳው መቶ ስልሳ ሰባት ነው የሚለው። ዘጠኝ ሴንቲ ጠፋ።

«እስቲ እንደገና ይለኩኝ» አሉ። ይህን ጊዜ አንገታቸውን ቀና አድርገው የእትዬ ሄራንን እጅ ተመለከቱ። አዩት። እትዬ ሄራን ክንዳቸውን ባነሡ ቁጥር፣ ከማንሣታቸው በፊት፣ የጣታቸው ጫፍ ወደፊት ሸርተት ትላለች። ትንሽ፣ ልክ ለገዢው ጨርቅ እንደሚለቅ ሻጭ።

«ይጨምራሉ!»

«ምኑን?»

«በያንዳንዱ ክንድ ላይ ይጨምራሉ እትዬ ሄራን!»

«ምራቂ ነዋ» አሉ እትዬ ሄራን ተገርመው። «ያለ ምራቂ ይለካል እንዴ?»

«እሱን ይተውት። በቁርጡ ይለኩ።»

ሞከሩ። ሦስት ክንድ ከአሥራ ዘጠኝ ጣት ሆነ። ቀጥሎ አሥራ አራት። ቀጥሎ ሃያ አንድ። ያ የረጋ እጅ እንደ ፈራ ወፍ እዚህም እዚያም አለ። ያን ቀን ውለው፣ በማግስቱና በሣልስቱም ውለው፣ አንድም ጊዜ ሁለት እኩል ቁጥር አልመጣም። ጋሽ ናሆም ስድስት ቀን ቀራቸው።

እትዬ ሄራን ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት።

«ሱቄን ለምን እንዳልከፈትኩ ታውቃለህ?»

«በእኔ ተናደው።»

«በአንተማ ተናድጄ ቢሆን በበነጋታው በከፈትኩ ነበር። ያን ወር ቤት ስቀመጥ፣ እውነት አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ሳስብ ከረምኩ። ስወጣ እጄ ፈራ። ለአንዱ ብዙ ይጨምራል፣ ለአንዱ ይነፍጋል። ገዢ ሲታዘበኝ አየሁ፤ ተውኩት።» ጣቶቻቸውን ከፍተው ዘጉ። «ከትናንት በስቲያ አንተን ስለካ ተመልሶልኝ ነበር። ሳላስበው። ደግሞ ተው አልከኝ።»

ጋሽ ናሆም ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። ቤታቸው ገብተው የመጀመሪያውን ወረቀት ፊታቸው ዘረጉ። አሥር መስመር፣ አሥሩም ሦስት ክንድ ከአሥራ ሦስት ጣት።

ልጆቼ፣ ይህን አንድ ነገር ከጋሽ ናሆም ሥራ ያዙልኝ። ሚዛን ሁለት ዓይነት ጥፋት አለበት። አንዱ ዛሬ ወዲህ፣ ነገ ወዲያ የሚለው ነው፤ ለእሱ ከመደጋገም በቀር መድኃኒት የለውም። ሌላው ሁልጊዜ በአንድ መጠን፣ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድለው ነው። ይህኛው ስንት እንደሚያጋድል እስካልታወቀ ድረስ ብቻ ነው ስህተት የሚባለው። ከታወቀ ግን ያው ልኩ እሱ ነው። ጋሽ ናሆም ይህን ለስንት ወጣት ፈታሽ አስተምረዋል። የእትዬ ሄራንን እጅ ግን ክርኑንና ጣቱን ለኩ እንጂ፣ ሲሠራ አልለኩትም። ያኔም አልለኩትም። አሥር ክንድ ላይ ሠላሳ ሴንቲ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት፣ ሦስት። ቁጥሩ ወረቀታቸው ላይ ነበር። ማካፈል ብቻ ነበር የቀራቸው።

ጠዋት የአልጋ ልብሳቸውን ሁሉ ተሸክመው የእትዬ ሄራንን በር አንኳኩ።

«ይሽጡልኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ይህን ጨርቅ። አርባ ክንድ ይሽጡልኝ። እኔ ገዢ ነኝ፣ ገና ከጫጫ መንገድ መጥቼ ነው፤ ብርድ ላይ ነኝ፣ ቤቴ ሩቅ ነው።»

እትዬ ሄራን አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ ሰውየውን አዩ። «ኩታ ነው ወይስ ጋቢ?» አሉ በመጨረሻ፣ በሻጭ ድምፅ።

«ጋቢ።»

«ለማን?»

ጋሽ ናሆም አመነቱ። «ለአራተኛው በር።»

እትዬ ሄራን ጨርቁን ስበው መለካት ጀመሩ፤ ክንድ፣ ሸርተት፣ ክንድ፣ ሸርተት። ያለቀውን እያገላበጡ አርባ ሞሉት። ጋሽ ናሆም በጎን በጎን በጠመኔ ምልክት እያደረጉ በብረታቸው ለኩ። አርባ ሰባት፣ አርባ ሰባት፣ አርባ ሰባት። ሲደመር ሲቀነስ ሁለት ሚሊ ሜትር። ሦስት ጊዜ አርባ ሰባት መቶ አርባ አንድ፣ ሃያ ስድስት ሲጨመርበት መቶ ስልሳ ሰባት።

የፍተሻውን ወረቀት አውጥተው እዚያው ወለሉ ላይ ሞሉት። *የመለኪያው ዓይነት፦ የሴት ክንድ። ልኩ፦ አርባ ሰባት ሴንቲ ሜትር፣ ምራቂውን ጨምሮ።* ፈርመው ለእትዬ ሄራን አሳዩአቸው።

እትዬ ሄራን ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ዘገየህ» አሉ።

«ዘገየሁ።»

ትርንጎ ወረቀቱን ስትቀበል አራት ቀን ቀርቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አባባ፣ ‹ምራቂ› ምንድን ነው?»

«ሻጭ ለክቶ ከጨረሰ በኋላ የሚጨምረው ነው።»

«ለምን ይጨምራል?»

ጋሽ ናሆም አሰቡ። አርባ ዓመት ሲቀጡት የኖሩትን ነገር ለምን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። «ምናልባት እጄ ተሳስቶ ቢሆን፣ ስህተቱ በአንተ ላይ አይሁን ማለት ይመስለኛል።»

«በሁለት ሚሊ ብቻ የሚለዋወጥ እጅ?» አለች ትርንጎ ቁጥሩን እያየች። «ይሄ እኮ የእኔን አንጓ ይበልጣል።» ማኅተሙን መታችበት።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «ደህና አደሩ ጋሽ ናሆም። ቁመትዎ አንድ ሜትር ከስልሳ ሰባት። ሲደመር ሲቀነስ አንድ ሴንቲ።» ጋሽ ናሆም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ደስታው መጥቶ ነበር፤ የሚነግሩት ሰው ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ካልሲያቸውን ሳያደርጉ በሩን ከፍተው ወጡ። በኮሪደሩ እስከ አራተኛው በር ሄደው ተመለሱ። አሥራ አንድ እርምጃ ነው። የተመሰከረለት ልኬት ነው፤ ሁለት ጊዜ ለኩት፣ አልተለዋወጠም።

አሁን ተራው የእትዬ ሄራን ነው፤ ለእሳቸውም ስድስት ቀን ብቻ ቀርቷቸዋል። ሰው በገዛ ክንዱ ራሱን አይለካም፤ ስለዚህ ጋሽ ናሆም በብረት ማስመሪያቸው ይለኳቸዋል። ማስመሪያው ተፈትሿል፣ እጃቸው ግን እንደ እትዬ ሄራን እጅ አይደለም። እትዬ ሄራንን ከግድግዳ አስጠግተው አቁመው ቢለኩ አንዴ መቶ ሃምሳ፣ አንዴ መቶ ሃምሳ ስምንት፣ አንዴ መቶ አርባ ዘጠኝ ሆነ።

«የምትለካው እኔን ነው ወይስ ሕንጻውን?»

«እጄ ነው። ይንቀጠቀጣል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መደጋገም ነው። በወረቀት ሠርቼዋለሁ፤ ሃያ አምስት ጊዜ ከለካሁዎት አማካዩ ይረጋል፣ ስፋቱ ወደ አንድ ሴንቲ ይወርዳል። እስከ ማታ እንጨርሳለን።»

«ሃያ አምስት ጊዜ!» አሉ እትዬ ሄራን። ጫማቸውን ግን አወለቁ።

በየአምስቱ እያረፉ ለኩ። በመጀመሪያው ዕረፍት እትዬ ሄራን ያ ሰውዬ ያፏጨው የነበረውን ዜማ ሊያሰሟቸው ሞከሩ፤ ጥርስ ስለሌላቸው ነፋስ ብቻ ወጣ። በሁለተኛው ዕረፍት ሻይ ጠጡ። በሦስተኛው ዕረፍት በመስኮቱ በኩል ሲያዩ ከተማው በስስ ጉም ተሸፍኖ ነበር። በየመስኮቱ አንዳንድ ሰው ተቀምጦ ይታያል። ከዚህ ርቀት ስንት እንደሆኑ መናገር አይቻልም።

ሃያ አራት። ሃያ አምስት። ጋሽ ናሆም ደምረው አካፈሉ፤ መቶ ሃምሳ አራት ሆነ፣ ልክ እንደ ግድግዳው። ጻፉት። እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። ከዚያ ብረቱን መልሰው አነሡና እትዬ ሄራን ትከሻ ላይ በቀስታ እጃቸውን አድርገው እንደገና ለኩ።

ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባት። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ።

እትዬ ሄራን ጀርባቸውን ከግድግዳው ሳያላቅቁ ተናገሩ። «ሃያ አምስት ይበቃል ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«እና ይሄ ምንድን ነው?»

ጋሽ ናሆም ብረቱን መልሰው አስጠጉ። «ምራቂ ነው» አሉ።

እትዬ ሄራን የጎበጠ ጀርባቸውን አቀኑ፤ ተረከዛቸውን ከግድግዳው አጣበቁ፤ አገጫቸውንም ቀና አደረጉ።

«እንግዲያው በደንብ ለካ።»

«ሠላሳ ሁለት» አሉ ጋሽ ናሆም።